ከረሃብ መንገድ እስከ ሙክቲ መንደር፦ የፓንዲታ ራማባይ ሕይወት

በምዕራብ ህንድ ከፑና ከተማ በስተምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኬድጋዎን የሚባል የባቡር ጣቢያ ይገኛል። አካባቢው ደረቅ ነው። ከአረብ ባሕር ተነሥቶ የሚመጣው የክረምት ደመና የያዘውን ውኃ በምዕራቡ የተራራ ሰንሰለት ላይ አራግፎ ስለሚጨርስ፣ ከተራራው ጀርባ ላለው የደካን አምባ የሚተርፈው ዝናብ ጥቂት ነው። ገበሬው ማሽላውን ዘርቶ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ዝናቡ በቀረ ዘመን ጎተራው ባዶ ይቀራል።

በዚህ ምድር ላይ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችና ሕፃናት በአንድ ቅጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር። ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ፣ ዘይት ይጨምቃሉ፣ ፊደል ይቆጥራሉ፣ መጽሐፍ ያትማሉ። አብዛኞቹ ወላጆቻቸውን በረሃብ ያጡ ወይም ገና በልጅነታቸው ባል ሞቶባቸው ከቤት የተገፉ ነበሩ። መንደሩን የቆረቆሩት ሴትም የረሃብን ፊት በሩቅ ሰምተው ሳይሆን በዐይናቸው አይተው ያወቁ ናቸው። ስማቸው ፓንዲታ ራማባይ ይባላል።

ራማባይ ዶንግሬ የተወለዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 23 ቀን 1858 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ ስፍራቸው ዛሬ የካርናታካ ግዛት በሚባለው፣ ጋንጋሙላ በተባለ ጫካ ውስጥ ነበር። አባታቸው አናንት ሻስትሪ የታወቁ የሳንስክሪት ሊቅ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሳንስክሪት የወንዶች፣ ያውም የከፍተኛው መደብ ወንዶች ሀብት ነበር። ሴት ልጅ የቅዱሳት መጻሕፍቱን ቋንቋ መማሯ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። አናንት ሻስትሪ ግን ይህን ልማድ አልተቀበሉም፤ በልጅነቷ ያገቧትን ሚስታቸውን ላክሽሚባይን አስተማሩ። የማኅበረሰቡ ሊቃውንት በዚህ ተቆጥተው ሲከስሷቸው በጉባኤ ፊት ቀርበው ከመጻሕፍቱ እየጠቀሱ ተከራከሩ። ከዚያም ከሰው ርቀው ጫካ ውስጥ ቤት ሠሩና ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ።

የጫካው ኑሮ ግን አልዘለቀም። ለተማሪውና ለመንገደኛው ሁሉ ማዕዳቸው ክፍት ነበርና ዕዳ በላያቸው ላይ ተከመረ። ራማባይ የ6 ወር ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ጫካውን ጥሎ ለመሄድ ተገደደ። ሕፃኗ በሸምበቆ ቅርጫት ተደርጋ በሰው ራስ ላይ ከተራራው ወረደች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመታት ያህል ቤታቸው መንገድ ሆነ።

ቤተሰቡ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው እየተጓዘ በአደባባይ ቅዱሳት ታሪኮችን በዜማ ያነብብ ነበር። አድማጩም እንደ አቅሙ እህል፣ ጨርቅ ወይም ጥቂት ሳንቲም ይሰጣል። እናትየው ልጃቸውን ማለዳ እየቀሰቀሱ የሳንስክሪት ግጥም በቃል ያስጠኑ ነበር። ራማባይ ገና በልጅነታቸው 18 ሺህ ስንኞች ያሉትን ባጋቫታ ፑራና የተባለ መጽሐፍ በቃላቸው ያዙ። አባትየው የታላቅ ልጃቸው የልጅነት ጋብቻ ክፉኛ ከሽፎ ስላዩ ታናሿን በሕፃንነቷ ለመዳር እምቢ አሉ። ይህም በዘመኑ ለመስማት የሚከብድ ነገር ነበር።

በ1870ዎቹ ደቡብ ህንድን ረሃብ መታት። በ1876 እና 1878 መካከል በነበረው ታላቅ ረሃብ ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የዝናቡ መቅረት ዋናው ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አልነበረም። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ግብሩን መሰብሰብ አላቆመም፤ በባቡር ሐዲዱ ላይ እህል ወደ ወደብ መጓዙን ቀጥሎ ነበር። የራማባይ ቤተሰብ መሬት የለውም፣ ሙያ የለውም፣ ያለው ዕውቀት ብቻ ነበር፤ በረሃብ ዘመን ደግሞ ታሪክ ለሚያነብብ ሰው ከእጁ እህል የሚሰጥ አይገኝም። ያላቸውን ጌጥና የመዳብ ዕቃ ሸጠው ጨረሱ። በመጨረሻ ጫካ ገብተው 11 ቀንና ሌሊት ውኃና ቅጠል፣ ጥቂትም የዱር ተምር እየቀመሱ ቆዩ።

አባት መጀመሪያ ዐረፉ። ጥቂት ቆይቶ እናት ተከተሉ፤ ታላቅ እኅትም አልተረፉም። እናት ሲሞቱ ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው ጠፋ። በብዙ ልመና ሁለት ሰዎች ተገኙ፤ ሦስተኛው ወንድማቸው ሽሪኒቫስ ሲሆኑ አራተኛዋ ራማባይ ሆኑ። ቁመታቸው አጭር ነበርና የእናታቸውን ቃሬዛ በትከሻ ሳይሆን በራሳቸው ተሸክመው እስከ ማቃጠያው ስፍራ ሄዱ።

ወንድምና እኅት ከዚያ በኋላ ህንድን ከደቡብ እስከ ሰሜን፣ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ በእግር አቋረጡ። የሚለብሱት ስስ ጨርቅ ነበር። በፓንጃብ በጄለም ወንዝ ዳር ብርዱ ሲጠናባቸው አሸዋውን እንደ መቃብር ቆፍረው ገብተው፣ ከራሳቸው በቀር መላ ሰውነታቸውን በደረቅ አሸዋ ሸፍነው ያደሩበት ሌሊት ነበር። በዚህ ጉዞ ያዩት ሌላም ነገር አለ። በየመንደሩ ገና ጥርሳቸውን ያልነቀሉ ሕፃናት መበለት ተብለው ራሳቸው ተላጭቶ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበሉ፣ ለባላቸው ሞት ተጠያቂ ተደርገው ሲኖሩ ተመለከቱ።

በ1878 ሁለቱ ካልካታ ደረሱ። የከተማዋ ሊቃውንት የ20 ዓመቷ ወጣት ሴት ሳንስክሪት ትችላለች መባሉን ለማመን ቸግሯቸው በጉባኤ ፈተኗቸው። ፈተናው ሲያበቃ ፓንዲታ፣ ማለትም ሊቅ፣ እንዲሁም ሳራስቫቲ የተባለውን የጥበብ አምላክ ስም ማዕረግ አድርገው ሰጧቸው። ትናንት በመንገድ ዳር እህል ይለምኑ የነበሩት ሴት በአንድ ጊዜ ስማቸው በሀገሩ ጋዜጦች ሁሉ ተነሣ።

በ1880 ወንድማቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት ራማባይ ቢፒን ቢሃሪ ዳስ መዳቪ የተባሉ የቤንጋል ጠበቃ አገቡ። ባለቤታቸው ከእርሳቸው ዝቅ ብሎ ከሚቆጠር መደብ የተወለዱ በመሆናቸው ጋብቻው በሃይማኖት ሥርዓት ሳይሆን በመንግሥት ሕግ ተፈጸመ። ለሁለቱም ወገን ዘመዶች ይህ መርገም ነበር። በ1881 ማኖራማ የተባለች ልጅ ወለዱ። በ1882 መጀመሪያ ላይ ግን ኮሌራ ባላቸውን ወሰደ። ራማባይ በ23 ዓመታቸው፣ ያላዘኑለት የቤተሰብ አባል ሳይቀራቸው፣ ራሳቸው ከሕፃን ልጅ ጋር መበለት ሆኑ።

ወደ ወላጆቻቸው ቋንቋ ሀገር፣ ወደ ፑና ተመለሱ። በዚያም አርያ ማሂላ ሳማጅ የተባለ የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ዓላማው የሕፃናትን ጋብቻ መቃወምና የሴቶችን ትምህርት ማስፋፋት ነበር። በ1882 መንግሥት የትምህርትን ጉዳይ የሚያጠና በሀንተር የሚመራ ኮሚሽን ሲያቋቁም ራማባይ ቀርበው ምስክርነት ሰጡ። ሴቶችን የሚያስተምሩ ሴት መምህራን እንዲሠለጥኑ፣ ወንድ ሐኪም ፊት መቅረብ ስለማይፈቀድላቸው ታምመው ለሚሞቱ ሴቶችም ሴት ሐኪሞች እንዲዘጋጁ ጠየቁ። ይህ ምስክርነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለተቋቋመው የሴቶች ሕክምና የእርዳታ ድርጅት መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ይነገራል።

ራሳቸውም ሕክምና ለመማር አስበው በ1883 በማራቲ ቋንቋ ከጻፉት መጽሐፍ ሽያጭ ባገኙት ገንዘብ ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። የጆሯቸው መስማት እየደከመ ስለሄደ የሕክምናው ሐሳብ ቀረ። በዋንቴጅ ከተማ በአንግሊካን ደናግል ዘንድ ተቀመጡ፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 29 ቀን ከልጃቸው ጋር ተጠመቁ። ወደ ክርስትና ካቀረቧቸው ነገሮች አንዱ ደናግሉ በለንደን በየመንገዱ የወደቁ ሴቶችን አንሥተው ሲንከባከቡ ማየታቸው ነበር። በቼልተንሃም የሴቶች ኮሌጅም ሳንስክሪት አስተማሩ። ሆኖም አዲሱን እምነት እንደ ተቀበሉ ሁሉ የሚሰጣቸውን ትእዛዝ ሁሉ ያለ ጥያቄ አልተቀበሉም። ወንዶችን ማስተማር አይገባቸውም ያሉ ጳጳሳት ሲነሡ ተከራከሩ፤ በሃይማኖት ትምህርትም ላይ ሕሊናቸው ያልተቀበለውን አንቀበልም አሉ። የአባታቸው ልጅ ነበሩ።

በ1886 ዘመዳቸው አናንዲባይ ጆሺ በፊላዴልፊያ የሴቶች የሕክምና ኮሌጅ ሲመረቁ በበዓሉ ላይ ለመገኘት ወደ አሜሪካ ሄዱ። ለአጭር ጊዜ ያሰቡት ጉዞ ከ2 ዓመት በላይ ወሰደ። ከተማ ለከተማ እየዞሩ ስለ ህንድ መበለቶች ተናገሩ፤ የፍሮበልን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማመር ተማሩ፤ በ1887 ስለ ከፍተኛው መደብ የሂንዱ ሴት ሕይወት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1881 የሕዝብ ቆጠራ በህንድ ከ20 ሚሊዮን በላይ መበለቶች እንደነበሩ፣ ከእነዚህም መካከል ገና ዐሥር ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በአሥር ሺህዎች እንደሚቆጠሩ ለውጭው ዓለም ገለጡ። በቦስተን ስማቸውን የያዘ ማኅበር ተቋቋመ፤ ማኅበሩም የመበለቶችን ትምህርት ቤት ለ10 ዓመታት ለመደገፍ ቃል ገባ።

ማርች 11 ቀን 1889 በቦምቤይ ሻራዳ ሳዳን፣ ማለትም የጥበብ ቤት፣ በሩን ከፈተ። ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በሁለት ተማሪዎች ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ጎዱባይ የምትባል ወጣት መበለት ናት። ጎዱባይ ከ4 ዓመት በኋላ ዶንዶ ኬሻቭ ካርቬ የተባሉትን መምህር አገባች፤ የመበለት ዳግም ጋብቻ እንደ ወንጀል በሚታይበት ከተማ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ካርቬ በኋላ ራሳቸው የመበለቶች ማረፊያ፣ ቀጥሎም በ1916 የሴቶች ዩኒቨርሲቲ መሥርተዋል። በዚያው በ1889 የህንድ ብሔራዊ ኮንግረስ በቦምቤይ ሲሰበሰብ ራማባይ ከጥቂት ሴት ተወካዮች መካከል ተቀምጠው ነበር።

ሻራዳ ሳዳን የሃይማኖት ትምህርት የማይሰጥበት ቤት እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ወጥ ቤቱም የመደቡን ሥርዓት እንዲጠብቅ ተደረገ፤ ከፍ ካለ ቤተሰብ የመጣች ልጅ ሥርዓቷን ሳታፈርስ በልታ እንድትማር ነው። ታዋቂዎቹ የለውጥ አራማጆች ራናዴና ባንዳርካር በአማካሪ ኮሚቴው ውስጥ ገቡ። በ1890 ትምህርት ቤቱ ወደ ፑና ተዛወረ። ራማባይ ግን ማለዳ የግል ጸሎታቸውን ሲያደርሱ በራቸውን አይዘጉም ነበር። የወደዱ ልጆች ገብተው ይቀመጡ ጀመር። ወሬው በከተማው ሲሰማ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ቲላክ የሚያዘጋጁት ኬሳሪ ጋዜጣ ልጆቹን በስውር ክርስቲያን ታደርጋለች ሲል ከሰሳቸው። በ1893 አማካሪ ኮሚቴው ሥራውን ለቀቀ፤ 25 ያህል ልጆችም በቤተሰቦቻቸው ተወሰዱ።

ክርክሩ እስከ ዛሬ አልሞተም። አንደኛው ወገን ራማባይ ቃላቸውን አላፈረሱም፤ ማንንም አላስገደዱም፤ የራሳቸውን በር ክፍት ማድረግ መብታቸው ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ መጠለያ የሌላት ልጅ የምታመልጥበት ሌላ ቤት በሌለበት፣ የአሳዳጊዋ እምነት ከባድ ግፊት መሆኑ አይቀርም ይላል። ሁለቱም ወገኖች የማይክዱት ነገር ግን ያን ጊዜ ለሕፃን መበለት በሩን የከፈተ ሌላ ቤት እጅግ ጥቂት እንደነበረ ነው።

ከዚህ ነውጥ በኋላ የራማባይ ሐሳብ ወደ መሬት ዞረ። የአሜሪካው ማኅበር የገባው የ10 ዓመት ቃል የሚያበቃበት ጊዜ ቀርቦ ነበር። በሰው ቸርነት ላይ የቆመ ቤት ቸርነቱ ሲቋረጥ እንደሚወድቅ ከአባታቸው ዕዳ ተምረዋል። ስለዚህ በኬድጋዎን የባቡር ሐዲዱ አጠገብ 100 ኤከር፣ ማለትም 40 ሄክታር ያህል መሬት ገዙ። ዕቅዳቸው የፍራፍሬ ዛፍ ተክለው፣ ከምርቱ ሽያጭ ትምህርት ቤቱን ማስተዳደር ነበር።

መሬቱ ጠፍ ነበር። ዛፍ ከመተከሉ በፊት ውኃ መገኘት ነበረበት። በደካን አምባ ላይ ጉድጓድ መቆፈር አፈሩን አልፎ ዐለቱን መስበር ነው። ጉድጓዶቹ ተቆፈሩ፤ ውኃ ተገኘ፤ ችግኝ ተተከለ። ነገር ግን ዛፎቹ ፍሬ ሳይሰጡ ሌላ መከር ደረሰ።

በ1896 ክረምቱ ከሸፈ፤ ማዕከላዊ ህንድ ተራበ። ራማባይ ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ የገንዘባቸውን ማነስ አሰቡ፤ ኋላ ግን የራሳቸው ረሃብ ትዝ አላቸው። ባቡር ተሳፍረው ወደ ማዕከላዊ ግዛቶች ሄዱ። መንግሥት ረሃብተኞች ድንጋይ እየፈለጡ ቀለብ የሚቀበሉባቸውን የሥራ ጣቢያዎችና የድኾች መጠለያዎችን ተዘዋውረው አዩ። ወላጅ የሌላቸው ልጃገረዶች በእነዚያ ስፍራዎች ለእህል ሲሉ ክብራቸውን ለሚገዛ ተቆጣጣሪና ለደላላ የተጋለጡ መሆናቸውን ተረዱ። ለዚህም ነው ቀለብ ልከው የማይቀመጡት፤ ልጆቹን ራሳቸውን ይዘው ለመመለስ ቆረጡ። 300 ያህል ልጃገረዶችና ወጣት መበለቶች ሰበሰቡ።

የመጡት ልጆች ለማየት የሚያስፈሩ ነበሩ። ዐጥንታቸው ወጥቶ፣ ቆዳቸው ቆስሎ፣ ጠጉራቸው በቅማል ተይዞ ነበር። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሆድ በአንድ ጊዜ ሊጠግብ አይችልም፤ በጥቂት በጥቂቱ መመገብ ነበረባቸው። ሳይድኑ የቀሩም ነበሩ። የዳኑትም ቢሆኑ ነገ ምግብ እንደሚኖር ስለማያምኑ ይሰርቁ፣ ይደብቁ፣ ይጣሉ ነበር። እምነታቸውን መመለስ ሰውነታቸውን ከመመለስ የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

በዚያው ሰሞን ፑና ውስጥ ቸነፈር ገባ። የከተማው ሹማምንት ረሃብተኞቹን በከተማው ክልል ማስፈር ከለከሉ። ቦታ የሚሆነው ኬድጋዎን ብቻ ነበር። ለፍራፍሬ የታሰበው ማሳ በአንድ ጊዜ የድንኳንና የዳስ መንደር ሆነ። ራማባይ በዚያው ወቅት መንግሥት ለቸነፈር በሽተኞች ባዘጋጃቸው ስፍራዎች ሴቶች የሚደርስባቸውን በደል በጋዜጣ ላይ ጽፈው አጋለጡ። የቦምቤይ ገዥ ክሱን አስተባበሉ፤ ራማባይ ግን ከቃላቸው አልተመለሱም። ሹማምንት በእርዳታ ሥራቸው ሲያመሰግኗቸው የነበሩትን ሴት ያን ጊዜ አልወደዷቸውም።

በ1898 የኬድጋዎን ሰፈር ሙክቲ ተባለ። ቃሉ ነጻ መውጣት፣ መዳን ማለት ነው። በዚያው ዓመት ራማባይ ወደ አሜሪካ ተጉዘው 10 ዓመት የረዷቸውን ወዳጆች አመሰገኑ፤ ማኅበሩም ድጋፉን ለመቀጠል እንደ አዲስ ተደራጀ። ሚኒ ኤብራምስ የተባሉ አሜሪካዊት ሚስዮናዊ በዚሁ ጊዜ አካባቢ መጥተው በሥራው ረዷቸው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1899 ዝናቡ እንደገና ቀረ። ይህኛው ድርቅ ጉጃራትን ክፉኛ መታ፤ ሣሩ ስለጠፋ የግዛቱ ከብት አለቀ፤ በሬ ያጣ ገበሬ በቀጣዩ ክረምት ዝናብ ቢመጣም የሚያርስበት አልነበረውም። ራማባይና ረዳቶቻቸው በ1900 እንደገና ወጡ። በዚህ ጊዜ ረሃብተኞችን ለመሰብሰብ ከተላኩት መካከል ከ3 ዓመት በፊት ራሳቸው የተሰበሰቡት ልጃገረዶች ነበሩ። ከ1 ሺህ በላይ አዳዲስ ሰዎች ወደ ሙክቲ ገቡ፤ የነዋሪው ቁጥርም ወደ 2 ሺህ ተጠጋ።

2 ሺህ አፍ በየቀኑ መመገብ ቀላል ነገር አይደለም። ሙክቲ የቆመችው በሥራ ክፍፍል ነበር። ከፊሉ ማሳ ይወርዳል፣ አትክልት ይተክላል፤ ከፊሉ ላሞቹን ያልባል። የሽመና፣ የልብስ ስፌት፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ የልብስ አጠባና የዘይት መጭመቂያ ክፍሎች ነበሩ። የመዳብ ዕቃ በቆርቆሮ የሚቀቡ ልጆችም ነበሩ። ማተሚያ ቤቱን ከፊደል ለቀማ እስከ ጥረዛ የሚያንቀሳቅሱት ሴቶች ናቸው። ራማባይ አባታቸው ዕውቀትን እንጂ የእጅ ሙያን እንዳላወረሷቸው፣ በረሃብ ቀን ይህ ምን እንዳስከፈላቸው አልረሱም። በሙክቲ ፊደል ሳትቆጥር የምትቀር ልጅ እንደሌለች ሁሉ፣ በእጇ የምትሠራው ሳይኖራት የምትቀርም እንዳትኖር ፈለጉ።

ትምህርቱም በዚሁ መንገድ ተዘረጋ። ሕፃናቱ በመዋዕለ ሕፃናት ይጀምራሉ፤ ከፍ ያሉት በማራቲ ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብና ሌላውን ትምህርት ይማራሉ። ፈጠን ያሉት መምህርነት ወይም ነርስነት ይሠለጥናሉ። ትልልቆቹ ልጆች ለትንንሾቹ እንደ እናት ሆነው ይመደባሉ፤ እያንዳንዷ የራሷ ጥቂት ልጆች አሏት፤ ታጥባለች፣ ትመግባለች፣ ታስጠናለች። ለዐይነ ስውራን የብሬይል ንባብ ተጀመረ። ተታልለው ወይም ተገደው ክብራቸውን ላጡ ሴቶች ክሪፓ ሳዳን፣ ማለትም የምሕረት ቤት፣ ተሠራ። ለአረጋውያንና ለደካሞች ደግሞ ፕሪቲ ሳዳን፣ የፍቅር ቤት፣ ተዘጋጀ።

ሙክቲ እንደ ሻራዳ ሳዳን አልነበረችም፤ ከመጀመሪያው በግልጽ የክርስቲያን ቤት ነበረች። ከረሃብ ከዳኑት ልጆች ብዙዎቹ ተጠመቁ፤ በ1905 በቅጥሩ ውስጥ የተነሣው የጸሎት መነቃቃት ዝናው ከህንድ ውጪም ተሰማ። ይህ ለነቃፊዎቻቸው ተጨማሪ ምክንያት ሆነ። የሀገሩ ለውጥ አራማጆች በእምነታቸው ምክንያት ሲርቋቸው፣ አንዳንድ ሚስዮናውያን ደግሞ የማንንም ቤተ ክርስቲያን አለቅነት ስለማይቀበሉ ይጠራጠሯቸው ነበር። ራማባይ ግን በህንድ ልብስ፣ በህንድ ምግብ፣ በማራቲ ዜማ ነበር የሚኖሩት። ክርስቲያን ለመሆን እንግሊዛዊ መሆን አያስፈልግም የሚለውን በአኗኗራቸው አሳዩ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ትልቅ ሥራቸው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ማራቲ መተርጎም ነበር። ቀድሞ የነበረው ትርጉም ሳንስክሪት የበዛበት በመሆኑ የገጠር ሴት በቀላሉ አትረዳውም ብለው አመኑ። ሳንስክሪትን ከልጅነታቸው በቃላቸው የያዙት ሊቅ፣ አሁን ሳንስክሪቱን ከገጹ ላይ እየነቀሉ ተራ ሰው የሚናገረውን ቃል ተከሉ። ለዚህም ዕብራይስጥና ግሪክ ተማሩ። ፊደሉን የለቀሙት፣ ያተሙት፣ የጠረዙት የሙክቲ ሴቶች ናቸው። ሥራው ከ15 ዓመታት በላይ ፈጀ።

በ1919 የእንግሊዝ መንግሥት ካይሳር ኢ ሂንድ የተባለውን የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። ሽልማቱን ከሰጣቸው መንግሥት ጋር በቸነፈሩ ዘመን የተከራከሩ መሆናቸው በዚያ ቀን አልተነሣም።

ልጃቸው ማኖራማ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምራ ተመልሳ ለዓመታት የእናቷ ቀኝ እጅ ሆና ሠራች። ሥራውን ትረከባለች ተብላ የምትጠበቀው እርሷ ነበረች። ጁላይ 1921 ላይ ግን በ40 ዓመቷ ዐረፈች። ራማባይ አባት፣ እናት፣ እኅት፣ ወንድምና ባል ቀብረው ነበር፤ አሁን አንድ ልጃቸውን ቀበሩ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው የትርጉሙ መጨረሻ ብቻ ነበር። እርማቱን እንደ ጨረሱ ኤፕሪል 5 ቀን 1922 በ63 ዓመታቸው በኬድጋዎን ዐረፉ። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የወጣው ከሞታቸው በኋላ ነው።

ለብዙ ዓመታት በህንድ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚገባውን ያህል አልተነሣም። ብሔርተኞቹ ክርስቲያን ስለሆኑ፣ ከሚስዮናውያኑም ከፊሉ ሂንዱነታቸውን አልተዉም ብለው ስላሰቡ ወደ ዳር ገፏቸው። በ1989 የህንድ መንግሥት ምስላቸውን በፖስታ ቴምብር ላይ አወጣ። በቬኑስ ፕላኔት ላይ ካሉት ጉድጓዶች አንዱም በስማቸው ተሰይሟል።

ሙክቲ ዛሬም በኬድጋዎን አለች። ወላጅ የሌላቸው ሕፃናትና የተገፉ ሴቶች ይኖሩባታል፤ ትምህርት ቤት አላት። የራማባይን ሕይወት የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የካልካታውን ጉባኤና የቦስተኑን ንግግር ነው። ሥራቸውን ያጸናው ግን ከዚያ ይልቅ ዝምተኛ የሆነ ነገር ነበር፦ ረሃብ ሳይመጣ በፊት መሬት መግዛታቸው፣ ዐለት አስፈልጠው ውኃ ማውጣታቸው፣ ያዳኗትን ልጅ ሁሉ ፊደልም ሙያም ማስያዛቸው። ድርቁ ሲመጣ መንደሯ ተዘጋጅታ አልጠበቀችውም፤ ዛፎቹም ገና ፍሬ አልሰጡም ነበር። ጉድጓዱ ግን ተቆፍሮ ነበር።